ሆን ብሎ መሸነፍ ፍቅር ነው?

የዚህን ጊዜ ጽሑፌን በአንድ የቼዝ ጨዋታ ልጀምር። የሆነው እዚሁ ደባርቅ ነው፤ ባለፈው ክረምት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የወጣቶች ኅብረት ከመጀመሩ በፊት። ጉሙ ወርዶ ሰው ከሰው አያስተያይም፤ ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድባል። ቀድመው የደረሱት ጥቂት ልጆች የሻይ ብርጭቆ በእጃቸው ይዘው አንድ የቼዝ ሰሌዳ ከበዋል። በአንዱ ወገን የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች እህታችን፣ በሌላው ወገን በዝማሬ ሰዓት ኪቦርድ የሚጫወትልን ወንድማችን ተቀምጠዋል። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ታሪኩን የምጽፈውም ሁለቱም ፈቅደውልኝ ነው።

በኅብረታችን ውስጥ ይህችን እህት በቼዝ የሚያሸንፋት የለም። እኔንም ስትጥለኝ ከርማለች። የዚያን ቀንም ጨዋታው በእጇ ነበር። ድንገት ግን ንግሥቷን አንሥታ የልጁ ፈረስ በሚደርስበት ቦታ አስቀመጠቻት። ፈረሱ በላት። ጥቂት ቆይቶ ንጉሧ መውጫ አጣ። ልጁ ብድግ ብሎ እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ጓደኞቹም አጨበጨቡለት። እርሷ ፈገግ ብላ ጠጠሮቹን ወደ ሳጥናቸው መለሰች።

እኔ ግን ዓይኗን አይቼ ነበር። ንግሥቷን ከማንሣቷ በፊት ፈረሱን አይታዋለች።

ኅብረቱ ካለቀ በኋላ ለብቻዋ ጠርቼ «ለምን እንዲህ አደረግሽ?» አልኳት። መጀመሪያ «ተሳስቼ ነው» አለች። ቀጥላ ግን አንገቷን ደፍታ፣ «መምህር፣ ባለፈው ሳሸንፈው ጓደኞቹ በሴት ተሸነፍክ እያሉ ሳቁበት። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ አላናገረኝም» አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ፣ «ደግሞስ እርስዎ አይደሉ እንዴ ሌላውን ከራስ ማስበለጥ ትሕትና ነው ብለው ያስተማሩን?» አለች።

ይህን ስትለኝ መልስ አጣሁ። እርሷ ግን አልጨረሰችም። ስልኳን አውጥታ የምታነበውን የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አሳየችኝ። «እዚህ ውስጥ ልጅቷ ልጁን በቼዝ ታሸንፈዋለች፤ እርሱም በዚያው ይወዳታል። እንዲህ ያለ ነገር የሚሆነው ልብ ወለድ ውስጥ ብቻ ነው?»

የዚያን ቀን ሳልመልስላት ተለያየን። ይህ ጽሑፍ መልሴ ነው፤ ለእርሷ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም።

መጽሐፉ ምን ይላል?

መጽሐፉ አሊ ሄዝልዉድ በሚል የብዕር ስም የምትታወቅ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2023 ያሳተመችው ነው፤ ርእሱ «ቼክ ኤንድ ሜት» ይባላል። ለወጣቶች የተጻፈ፣ በቼዝ ውድድር ዓለም ውስጥ የሚካሄድ የፍቅር ታሪክ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ማሎሪ ቼዝን ትታ መኪና በመጠገን እናቷንና ሁለት ታናናሽ እህቶቿን የምትረዳ ልጅ ናት። በአንድ የበጎ አድራጎት ውድድር ላይ እንደ ዘበት ትሳተፍና የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን ኖላንን ትረታዋለች። ሰው ሁሉ ሻምፒዮኑ በቁጣ ይበቀላታል ብሎ ይጠብቃል። እርሱ ግን ከዚያ ወዲያ የሚመኘው እንደገና ከእርሷ ጋር ለመጫወት ነው።

በግልጽ ልናገር፦ መጽሐፉ ከጋብቻ በፊት ስለሚደረግ ግንኙነት ያለው አመለካከት ከቃሉ ከተማርነው ጋር አይስማማም። ስለዚህ ሁላችሁም አንብቡት ብዬ አልመክርም። ነገር ግን ያነበበችው እህታችን ያመጣችው ጥያቄ ከመጽሐፉ ይልቃል። ጥያቄውን መጽሐፉን ዘግተን ብቻ አንገላገለውም።

የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ጨዋታ አለበት። በእንግሊዝኛ «ሜት» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ ጓደኛ ወይም የሕይወት አጋር ማለት ነው፤ ሌላው በቼዝ ንጉሥ መውጫ ያጣበት የመጨረሻው ምት ነው። ይህ ሁለተኛው ቃል ከፋርስ በዐረቦች በኩል አልፎ ወደ አውሮፓ የገባው «ሻህ ማት» ነው። ዐረብኛው «ማተ» ደግሞ የእኛው «ሞተ» ወንድም ነው። እንግዲህ ደራሲዋ በአንድ ቃል የሕይወት አጋርንና የተሸነፈ ንጉሥን አንድ ላይ አስቀምጣለች። እኛም እንጠይቅ፦ አጋሬ የምለው ሰው ያሸነፍኩት ሰው ነው? ወይስ የተሸነፍኩለት?

ማሸነፍ ማግኘት ነው?

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ኅብረታችን ለጸሎትና ለመዝናናት ወደ ቡይት ራስ ወጥቶ ነበር። መቼም አካባቢውን ታውቁታላችሁ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ገደሉ ከእግር ሥር ይጀምራል፣ ጭላዳዎቹም በመንጋ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። አንድ ደረተ ቀይ ወንድ ጭላዳ ሌላውን እያሯሯጠ ሲያባርር አየን። ከልጆቻችን አንዱ፣ «አሸነፈ! ሴቶቹ በሙሉ የእርሱ ሆኑ!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ሳቅን።

ልጁ ስለ ጭላዳ የተናገረው ብዙም ስሕተት የለበትም። ወንዱ ጭላዳ ባለመንጋውን ታግሎ ካባረረ መንጋውን ይወርሳል። ያሳሰበኝ ስለ እኛ የሚናገረው ነገር ነው። ወጣቶች ስለ ፍቅር ስታወሩ የምትጠቀሙባቸውን ቃላት አስቡ፤ «ጠበስኳት»፣ «አጠመድኳት»፣ «ጣልኳት»። ቃላቱ ከማድ ቤት፣ ከአደንና ከትግል የመጡ ናቸው። የተጠበሰው፣ የተጠመደውና የወደቀው ግን ሰው ነው።

ከቡይት ራስ ተራራውን ተሻግሮ በጃናሞራ ደረስጌ ማርያም አለች። በየካቲት 1847 ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ የስሜኑን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምን በደረስጌ ድል አደረጉ፤ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያንም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ታሪኩን ከትምህርት ቤት ታስታውሱታላችሁ። ከዓመታት በኋላ ቴዎድሮስ የእስረኛቸውን የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ። ንጉሠ ነገሥቱ አባትን ያሸነፉ፣ ልጂቱ የተሸናፊ ልጅ። ትዳሩ ፍቅርና ሰላም ያጣ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ልጃቸው ዓለማየሁ ከመቅደላ በኋላ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር አረፈ፤ እናቱም ከመቅደላ በወጡ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በመንገድ ላይ ሞታለች። ድል ሰውን ወደ ቤት ሊያስገባ ይችላል፤ ልቡን ግን አያስገባም።

ከዚሁ ከስሜን ቤት የወጣች ሌላ ሴት ነበረች። የውቤ ወንድም የብጡል ልጅ፣ ጣይቱ። እቴጌ ጣይቱ በገና ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥም ይጫወቱ እንደነበር ይነገራል። ሰንጠረዥ ማለት ዛሬ ቼዝ የምንለው ጨዋታ አገርኛ ወንድም ነው። በ1875 ምኒልክን በቁርባን አገቡ፤ ይህም በሥርዓቱ መሠረት የማይፈታ ጋብቻ ነበር። በ1888 የኢጣሊያ ጦር መቀሌ ላይ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ መሽጎ ሲያስቸግር፣ ወታደሩ እየወጣ ከመሞት ይልቅ ጠላት የሚጠጣው ውኃ ይያዝ ብለው የመከሩት እቴጌይቱ ናቸው። ውኃው ተያዘ፤ ምሽጉም ተለቀቀ። ጥሩ ተጫዋች የምታየውን እርምጃ አይተው ነበር ማለት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ምኒልክ ናቸው። በመኳንንቱና በጦር አለቆቹ ፊት የሚስታቸው ሐሳብ ከሌላው ሁሉ ሲበልጥ አላፈሩበትም፤ ተቀበሉት። ትዳራቸው እንከን የለሽ ነበር አልልም። ነገር ግን ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት የአጎት ልጆች ሁለት ዓይነት ትዳር አሳይተውናል። አንዱ በድል የተጀመረ ነው፤ ሌላው በመደማመጥ የጸና።

ሆን ብሎ መሸነፍስ?

አሁን ወደ እህታችን ልመለስ። «እሺ፣ ወንዱ ሴቷን ለማሸነፍ መሮጡ ስሕተት ነው። እኔ ግን ተሸነፍኩለት እንጂ አላሸነፍኩትም። ይህ ፍቅር አይደለም ወይ?» ትላለች። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ደግነት ይመስላል።

አባት ከትንሽ ልጁ ጋር ሲጫወት ሆን ብሎ ይሸነፋል። ማንም ውሸታም አይለውም። ለምን? ልጁ ገና ልጅ ስለሆነ ነው። አባትየው የሚሸነፈው ልጁ እውነቱን የሚሸከምበት ትከሻ ገና ስለሌለው ነው፤ ልጁ ሲያድግም ይህ ይቀራል። እንግዲህ አንድ የ20 ዓመት ወጣት ላይ ይህንኑ ብናደርግ ምን እያልነው ነው? «አንተ እውነቱን መሸከም አትችልም፤ ገና ሕፃን ነህ» እያልነው ነው። እህታችን ይህን ማለቷ እንዳልነበር አውቃለሁ። ነገር ግን ሆን ብሎ መሸነፍ በውስጡ የተደበቀ ንቀት አለበት። የሰጠችው ነገር ማር የተቀባ ስድብ ነበር፤ እርሱም ሳያውቀው አጣጣመው።

ሌላም ነገር አለ። በቼዝ «ጋምቢት» የሚባል ስልት አለ። ተጫዋቹ በመክፈቻው ላይ አንድ ወታደር ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን የተሻለ ቦታ ለማግኘት ነው። ዋልተር ቴቪስ እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፈው ልብ ወለድ፣ በ2020 ደግሞ ብዙዎቻችሁ በስልክ ያያችሁት ተከታታይ ፊልም፣ ስሙን የወሰደው ከዚህ ስልት ዓይነቶች ከአንዱ ነው። ጋምቢት መስዋዕት ይመስላል እንጂ ብድር ነው፤ ሰጪው መመለሻውን አስልቷል። እህታችንም ንግሥቷን ስትሰጥ የልጁን ልብ ልትቀበልበት ነበር። ወንድሞችም ይህን ታደርጋላችሁ። «ካርድ ሞልቼላታለሁ፣ ለልደቷ ስጦታ ገዝቼላታለሁ፣ ለፈተና አስጠንቻታለሁ፤ እንዴት እምቢ ትለኛለች?» የሚል ወንድም ሲሰጥ የነበረው ስጦታ ሳይሆን ጋምቢት ነው።

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 13፥5-6 ፍቅር የራሱን እንደማይፈልግ ይነግረንና ወዲያው ፍቅር ከእውነት ጋር እንደሚደሰት ይጨምራል። ሁለቱን አንለያያቸው። የራሱን የማይፈልግ ነገር ግን የሚዋሽ ፍቅር ጎዶሎ ነው። እውነት የሚናገር ነገር ግን የራሱን ብቻ የሚፈልግም እንደዚሁ።

ታዲያ ትሕትናስ የት ሄደ? እዚህ ላይ ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ። ፊልጵስዩስ 2፥3ን ሳስተምር ትሕትናን ማሳነስ አስመስዬው ነበር። ትሕትና ግን ያለንን እንደሌለን ማስመሰል አይደለም። ዮሐንስ 13ን አስተውላችሁ አንብቡ። ዮሐንስ የኢየሱስን እግር ማጠብ ከመተረኩ በፊት ጌታ ሁሉ በእጁ እንደ ተሰጠው፣ ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ እንደነበር ይነግረናል። ማን እንደሆነ እያወቀ ነው ፎጣ የታጠቀው። ጴጥሮስ እንዳይከፋው ብሎ ጌትነቱን አልካደም፤ እንዲያውም በዚያው ምዕራፍ ጌታና መምህር መሆኑን አረጋገጠ። እንግዲህ መክሊትን መሬት ውስጥ መቅበር (ማቴዎስ 25) ትሕትና ተብሎ ቢጠራም መቅበር መሆኑ አይቀርም።

ለወንድሞች

ወንድሞቼ፣ እስካሁን ስለ እህታችን ብዙ አልኩ። የነገሩ ሥር ግን እኛ ጋ ነው። እርሷ ንግሥቷን የሰጠችው ለሦስት ቀን ዝምታ ነው። ዝምታውን ያመጣነው እኛ ነን።

የራሴን ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የክፍሌ ልጅ የሆነች እህት በተከታታይ ሦስት ጊዜ በቼዝ አሸነፈችኝ። በአራተኛው ቀን ስትጠራኝ «ፈተና ደርሷል» አልኳት። ፈተናው አልደረሰም ነበር። ከዚያ ወዲያ አብሬያት አልተጫወትኩም፤ ጓደኝነታችንም እየቀዘቀዘ ሄዶ ጠፋ። ምክንያቱን ነግሬያት አላውቅም። ዛሬ ሳስበው ያጣሁት ሦስት ጨዋታ ሳይሆን ጥሩ ጓደኛ ነው። እርሷ አልጎዳችኝም፤ እኔ ነኝ መሸነፍን ውርደት ያደረግኩት።

ይህ በሽታ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1929 በካርልስባድ ከተማ በተደረገ ታላቅ ውድድር ላይ ከወንዶቹ መካከል አንዲት ሴት ተጫወተች፤ ስሟ ቬራ ሜንቺክ ይባላል፤ ከ1927 ጀምሮ የሴቶች የዓለም ሻምፒዮን ነበረች። አልበርት ቤከር የተባለ ተጫዋች በእርሷ የሚሸነፍ ሁሉ «የቬራ ሜንቺክ ክበብ አባል» ይሁን ብሎ ቀለደ። ወዲያው ራሱ ተሸነፈና የመጀመሪያው አባል ሆነ። ክበቡ እየሰፋ ሄደ። ከአባላቱ አንዱ ሁለት ጊዜ በእርሷ የተሸነፈው ሆላንዳዊው ማክስ ዩዌ ነው። ይኸው ዩዌ በ1935 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በሴት መሸነፉ ምን አጎደለበት? ምንም። ከእርሱ የተሻለ እርምጃ ባየ ቁጥር የሚማር ሰው ስለነበረ አደገ።

ስለ ተመልካቾችም አንድ ነገር ልበል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ አገራችን የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሳልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቷል። በዚያ ዘመን ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው በጨዋታው እየገባ ሐሳቡን ይናገር ነበር። ዛሬም ከበው የሚያዩ አሉ። «በሴት ተሸነፍክ» ብለው የሳቁት ልጆች ጠጠር አልነኩም፤ ጨዋታውን ያበላሹት ግን እነርሱ ናቸው። ከበው ከሚያዩት አንዱ ከሆንክ ምን እንደምትናገር አስተውል። አንድ ቀልድ የአንዲትን እህት ስጦታ ለዓመታት ሊያስቀብር ይችላል።

ፊት ለፊት መቀመጥ

በዘፍጥረት 2፥18 እግዚአብሔር ለአዳም ረዳት ሊሠራለት እንደወደደ እናነባለን። «ረዳት» ሲባል ብዙዎቻችን ከኋላ የምትከተል፣ ዕቃ የምታቀብል ሴት ትመጣብናለች። በዕብራይስጡ «ዔዜር» የሚለው ይህ ቃል ግን በመዝሙረ ዳዊት ስለ እግዚአብሔር ስለ ራሱ ረዳትነት የተነገረ ቃል ነው። ከእርሱ ጋር የተቀመጠው «ከኔግዶ» የሚለው ቃልም «ለእርሱ የሚስማማ» ከማለት ጋር «ፊት ለፊቱ የሚቆም» የሚል ስሜት አለው። ከኋላ አይደለም፤ ከእግር በታች አይደለም፤ ፊት ለፊት ነው። ቼዝ የተጫወተ ሰው ፊት ለፊት መቀመጥ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሁለት ሰዎች እኩል ጠጠር ይዘው፣ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ለመረዳት ዝም ብሎ ሲያስብ ይቆያል። ያለ ሁለተኛው ሰው ጨዋታው የለም። በውድድር ላይ ሁለቱም የእያንዳንዱን እርምጃ ይጽፋሉ፤ ሲጨርሱም አሸናፊውና ተሸናፊው ውጤቱ ላይ ይፈርማሉ፤ ይጨባበጣሉ። የሆነው ሁሉ በግልጽ ተጽፎ ሁለቱም የሚፈርሙበት ትዳር እንዴት ያለ ጤናማ ትዳር ነው!

ይህ ማለት አሸናፊ ይኩራራ ማለት አይደለም። በአባቶቻችን ሰንጠረዥ ውስጥ ደስ የሚል ሥርዓት ነበር፤ ጠጠሮቹ ሁሉ አልቀውበት ብቻውን የቀረን ንጉሥ መግደል አይገባም። ብቻውን የቀረን ሰው ማዋረድ ድል አይባልም ማለት ነው። ኤፌሶን 4፥15 እውነትን በፍቅር እንድንይዝ የሚያስተምረን ይህን ይመስለኛል። እህቴ፣ በሙሉ ኃይልሽ ተጫወቺ፤ ስታሸንፊ ግን አታሹፊበት። ወንድሜ፣ አንተም እንዲሁ።

የሞተው ንጉሥ

በቼዝ ውስጥ ሁሉም ነገር ሊሰጥ ይችላል። ወታደር ይሰጣል፣ ፈረስ ይሰጣል፣ ንግሥትም ትሰጣለች። የማይሰጠው ንጉሡ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሁሉ የሚሞቱት እርሱ እንዳይሞት ነው። ንጉሡ ከሞተ ጨዋታው አለቀ።

የእኛ እምነት ግን ከዚህ ተቃራኒ ነው። ንጉሡ ለወታደሮቹ ሞተ። መመለሻውን አስልቶ አልነበረም፤ ልንመልስለት የምንችለው ነገር የለንምና። ጠላቶቹ ሳለን ነው የሞተልን (ሮሜ 5፥10)። ደግሞም ስለ እኛ እውነቱን አልሸሸገም፤ ኃጢአተኞች መሆናችንን እየነገረን ወደደን። ጳውሎስ ባሎች ሚስቶቻቸውን እንዲወዱ ሲያዝዝ ይህንን ንጉሥ ነው ያሳየን (ኤፌሶን 5፥25)። በእርሱ ፍቅር ውስጥ ድል መንሣትም የለም፤ ማስመሰልም የለም። ራስን መስጠትና እውነት ብቻ አሉ። ራስን መስጠት ማለት ጊዜን፣ ምቾትን፣ ክብርን ለሌላው መልካም መስጠት ነው። እውነትን መስጠት ግን አይቻልም፤ እውነት የእኛ ንብረት አይደለችምና።

የማልገባው ቃል

አሁን ለእህታችን ጥያቄ መልስ ልስጥ። የምታሸንፈውን ሴት የሚወድ ወንድ ያለው በልብ ወለድ ውስጥ ብቻ ነው? አይደለም። በእውነተኛው ዓለምም አለ። ነገር ግን ልብ ወለዱ የሚሰጥሽን አንድ ነገር እኔ ልሰጥሽ አልችልም። የፍቅር ልብ ወለድ ስትገዢ መጨረሻው ከመጀመሪያው ይታወቃል፤ ሁለቱ ይገናኛሉ። ሰው የሚያነበውም ይህን ማረጋገጫ ስለሚያገኝ ነው። ሕይወት ግን እንደ ቼዝ ነው፤ መጨረሻው አስቀድሞ አይታወቅም። እውነተኛ ሆነሽ ብትጫወቺ ያ ልጅ ይወድሻል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ላይወድሽ ይችላል። ተነሥቶ ሊሄድም ይችላል። ያምማል።

ቃል የምገባልሽ ሌላ ነገር ነው። ደብቀሽው የተወደድሽ እንደሆነ የተወደድሽው አንቺ አይደለሽም፤ የተወደደው ጭምብልሽ ነው። ጭምብል የለበሰ ሰው በእቅፍ ውስጥ ሆኖም ብቸኛ ነው። ደግሞም መሸነፉ አንድ ቀን አይበቃም። ዛሬ በቼዝ፣ ነገ በፈተና ውጤት፣ ከነገ ወዲያ በደመወዝ፣ ከዚያም በቤት ውስጥ በሚነሣ በእያንዳንዱ ሐሳብ ንግሥትሽን እየሰጠሽ ትኖሪያለሽ። አንድ ቀን ይደክምሻል፤ እርሱም የማያውቃት ሴት ቤቱ ውስጥ እንዳለች ያን ጊዜ ይረዳል። አሁን ብቻሽን ብትቀሪ ግን ብቻሽን አይደለሽም። አንቺን ሙሉ በሙሉ የሚያውቅ፣ አውቆም የወደደሽ ጌታ አለ። በእርሱ የተወደደ ሰው ለመወደድ ብሎ መዋሸት አያስፈልገውም።

እህታችን ከቡይት ራስ በተመለስን ሳምንት ልጁን አነጋገረችው። «የዚያን ቀን ንግሥቴን የሰጠሁህ ሆን ብዬ ነው። ዋሽቼሃለሁ፤ ይቅርታ» አለችው። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ምንም ሳይመልስ ሄደ። ሦስት ቅዳሜ ወደ ሰሌዳው አልቀረበም። እርሷም ከሌሎቹ ጋር እየተጫወተች፣ እያሸነፈችም ቆየች። ዓይኖቿ ግን በሩ ላይ ነበሩ።

በአራተኛው ቅዳሜ መጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና ጠጠሮቹን ደረደረ። ተጫወቱ። አሸነፈችው። ከበው ያዩት ልጆች እኔን አየት አድርገው ዝም አሉ። ልጁ ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ ሲመለከት ቆይቶ፣ «የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» አላት። እርሷም ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየመለሰች ታሳየው ጀመር።

የዚያን ቀን ኅብረታችን አሥር ደቂቃ ዘግይቶ ተጀመረ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ሰው እንዳይከፋው ብላችሁ ያላችሁን ስጦታ ወይም እውቀት የደበቃችሁበት ጊዜ አለ? ውጤቱ ምን ሆነ?

2. ፊልጵስዩስ 2፥3-8ን እና ዮሐንስ 13፥3-15ን አብራችሁ አንብቡ። በትሕትናና በማስመሰል መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

3. ለምትወዱት ሰው ካደረጋችኋቸው መልካም ነገሮች መካከል «ጋምቢት» የሆኑት የትኞቹ ናቸው?

4. ከበው ከሚያዩት መካከል ስንሆን ወንድሞችና እህቶች ስጦታቸውን እንዳይቀብሩ ምን ልናደርግ እንችላለን?